የሞተር ድምፅ ሲሰማ የሚጣድ ጎመን

ወንድሜን ኢሳያስን የገደለው ጎመን አይደለም።

ይህን ለቅሶው ላይ ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬ «ቅጠል እየበላ ምን ጉልበት ይኖረዋል» ሲባል ሰማሁ። መናገር አይሆንልኝም። ኢሳያስ ራሱ «ምናሴ፣ አንተ መልስ የሚመጣልህ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። አሁንም የምጽፈው ሰዎቹ ሁሉ ከሄዱ፣ ድንኳኑም ከፈረሰ በኋላ ነው።

የሞተው በሞተር ሳይክል ነው። ከወይጦ ወደ ጂንካ ሲመለስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፍየሎች ድንገት መንገዱ ላይ ወጡበት። እነሱን ላለመግጨት ሲጠመዘዝ ከአስፋልቱ ወጣ፤ ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ያየው የፍየሎቹ እረኛ ለትራፊክ ፖሊሱ የተናገረው ይህንኑ ነው። በቃሉ ውስጥ ስለ ጎመን፣ ስለ ዱባ፣ ስለ ካሮት የተባለ ነገር የለም።

የእኛ ሰፈር ግን እረኛውን አልጠየቀም። አጥር የሚጋሩን እትዬ አለሚቱ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እንጀራ የማይበላ ሰው! አዙሮት ይሆናላ። በባዶ ሆድ ሞተር ይነዳል?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ኢሳያስን ይወዱታል። ነገር ግን እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ቃሉ ሲገባባት አየሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቴ እህል አልቀምስ አለች።

ኢሳያስ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። የመንግሥት ሞተር ይዞ፣ የክትባት ሳጥን ከኋላ አስሮ፣ ወይጦና አርቦሬ ሲመላለስ ይከርማል። አንዳንዴ ሃና ከተማ ድረስ ይልኩታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ ሰው ነበር። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ሕመሙ የጀመረው ሥራ በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ምሳ በልቶ ገና እጁን ሳይታጠብ አንገቱ ሳማ እንደነካው ይቀላል። ከንፈሩ ያብጣል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ አፍንጫው ይፈስሳል። አንድ ቀን በሽሮ፣ አንድ ቀን በቲማቲም፣ አንድ ቀን ደግሞ በአቮካዶ። አቮካዶ! ጓሯችን ያለው ዛፍ በየዓመቱ እስኪሰበር ያፈራል፤ ለጎረቤት ሰጥተን፣ ቅዳሜ ገበያ ሸጠን አንጨርሰውም። ሰው ሁሉ የየራሱን ስም ሰጠው። ብርድ ነው አሉ። ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ነው አሉ። ቤተ ክርስቲያን ጸለዩለትና «አምነህ ብላ» አሉት። አምኖ በላ። ማታውን ዓይኑ ተከደነ።

በመጨረሻ አርባ ምንጭ ሄዶ አንዲት ሐኪም አገኘ። ሐኪሟ ሂስታሚን ስለሚባል ነገር ነገረችው። ምግብ ሲቦካ፣ ሲያድር፣ ሲቆይ የሚበዛ ነገር ነው፤ የሌላው ሰው ሰውነት ያጠራዋል፣ የእሱ ግን አይችልም። ስለዚህ የቦካ የለም፤ ያደረ የለም፤ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አቮካዶ፣ የቆየ ቅቤ የለም። ትኩስ አትክልት በቀላሉ ተቀቅሎ ወዲያው ይበላል። አንድ ወረቀትም ሰጠችው። ወረቀቱ ላይ ብሮኮሊ የሚባል አለ። አበባ ጎመን አለ። ኢሳያስ ወረቀቱን ይዞ ቅዳሜ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። ማታ ተመልሶ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጣለው።

«ይሄ ወረቀት የሌላ አገር ሰው ነው» አለ። «እኔ ጂንካ ነው የታመምኩት።»

ከዚያ ከሰል አንስቶ የማድ ቤቱን በር ውስጠኛ ገጽ ለሁለት ከፈለው። በአንዱ በኩል «ይስማማል»፣ በሌላው «አይስማማም» ብሎ ጻፈ። እየበላ፣ እየታመመ፣ እየጻፈ ሞላው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ የሽፈራው ቅጠል፤ እነዚህ ተስማሙት። በእንጀራ ፈንታ የዕለቱ የበቆሎ ቂጣ። ጽሑፉ አሁንም በሩ ላይ አለ።

አሁን የምጽፈው ያበሳጨኛል፤ ግን ካልጻፍኩት የቀረው ሁሉ ውሸት ነው።

መጀመሪያ ላይ የምታበስልለት እናቴ ነበረች። ሦስት ወር አበሰለችለት። ሦስት ወርም አንገቱ እንደቀላ ነበር። እንዲያውም ባሰበት። ሰው ሳቀ፤ «ሐኪሟ ቅጠል አስበላችው፣ ይኸው!» ተባለ። እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር።

እናቴ ምግብ አትደፋም። በሕፃንነቷ ረሃብ አይታለች፤ ምግብ መድፋት ለእሷ ግፍ ነው። በእኛ ቤት የተረፈ ወጥ ይከደናል፤ በነጋታው ይሞቃል። «ወጥ ሲያድር ነው የሚጥመው» ይባላል እንጂ ያደረ ምግብ ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? ለኢሳያስ ጎመን ስትሠራ ሁልጊዜ ይተርፍ ነበር፤ እሱ ጥቂት ነው የሚበላው። አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ልጠጣ ማድ ቤት ስገባ፣ የትናንቱን ጎመን ከሳህን እየጠረገች ከአዲሱ ሥር ስትከተው አየኋት። በማማሰያው ደባለቀችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ዝም በል» አለችኝ። «ሲፈላ ሁሉም አንድ ነው።»

ዝም አልኩ። ሦስት ወር። የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። እናቴን ፈርቼ ቢሆን ደግ ነበር። ግን እኔም በልቤ ቅንጦት ነው እል ነበር። የተማረ ሰው በሽታ ነው እል ነበር። ያደረ መሆኑን ሳያውቅ በልቶ ካልታመመ፣ ውሸቱ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። ታመመ። አንገቱን በእጁ ጀርባ ሲያክ እያየሁ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን የክትባት ሳጥኑን ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። ሞተሩን ከበር ላይ አቁሞ በጓሮ በኩል ገባ። እናቴ ሳህኑን ይዛ ነበር። አዲሱ ጎመን እሳት ላይ፣ የትናንቱ እጇ ላይ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።

ይጮኻል ብዬ ነበር። ኢሳያስ አይጮኽም። ሳህኑን ከእጇ ተቀበለ።

«እማዬ» አለ፣ «ላለመድፋት ብለሽ እኔ ላይ ደፋሽው?»

እናቴ በአፍ መፍቻዋ፣ በአሪኛ፣ አንድ ነገር አለች። «እግዚአብሔር የሰጠውን መጣል አልችልም» እንደማለት ነው። ከዚያ ኢሳያስ ወደ እኔ ዞረ። ምንም አልጠየቀኝም። አየኝና አወቀ። ያን ጊዜ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ድስቱን ራሱ ያዘ። ትንሽ፣ ክዳኗ የማይገጥም፣ ጥቁር ብረት ድስት ነበረች። ሰፈሩ ደግሞ ይህን አገኘ። እትዬ አለሚቱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣

«ኢሳያስ፣ ምነው እቴ! ማድ ቤት ገባህ? ሚስት እንፈልግልህ እንዴ?»

«ይፈልጉልኝ እትዬ። ግን ትናንት የተጣደች እንዳትሆን።»

ሴትዮዋ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። መሥሪያ ቤት «መቼ ተጣደ» የሚል ስም አወጡለት፤ የትም ቤት ሲገባ የእጁን ጀርባ ድስቱ ላይ ጣል አድርጎ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለነበረ። «መቼ ተጣደ መጣ! መቼ ተጣደ ፈርም!» ይሉታል። ይፈርማል።

አሠራሩን አየሁት፤ እጅግ ቀላል ነው። ጎመኑን ከጓሮ ያኔውኑ ይቀነጥሳል። አንድ እፍኝ ለአንድ ሰው፤ ከዚያ አይጨምርም። ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ያለሰልሳል እንጂ አያቃጥልም። አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ግማሽ ስኒ ውሃ። ይከድናል። ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ያወጣዋል፤ ጨው በመጨረሻ። ዱባ ከሆነ ከካሮት ጋር ይቆርጥና ዝንጅብል ጣል አድርጎበት ራሱ እስኪፈርስ ይተወዋል። በርበሬ የለም፣ ቅቤ የለም። «ከጓሮ ድስት፣ ከድስት ሳህን፣ ከሳህን አፍ» ይል ነበር። «መሐል ላይ የሚያርፍበት መናኸሪያ የለውም።» ልጣጩን ሰብስቦ ለእናቴ በግ ይሰጣል። እናቴ ከሩቅ ሆና ታያለች። የሚጣል ነገር ትፈልጋለች። አላገኘችም።

በሦስተኛው ሳምንት አንገቱ ጠራ። በአራተኛው እናቴ መጥታ ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እፍኙን አሳየኝ» አለችው።

እጇን ይዞ ሞላላት። «ይቺን ያህል። እኔ አልታመምም፣ አንቺም አትደፊም።»

ከዚያ በኋላ ከእሱ በለጠች። ጠዋት አይደለም፣ ማታ አይደለም፤ እሱ መግቢያ ሰዓት ላይ ነው ልቧ። ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ ከትፋ፣ ከሰሉን አያይዛ ትቀመጣለች። ድስቱን ግን አትጥድም። ሞተሩ ከታች መታጠፊያው ላይ ሲያጓራ ትሰማለች፤ ያኔ ብቻ ትጥዳለች። እሱ ሞተሩን አቁሞ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ጎመኑ ከእሳት ይወርዳል። በሰፈራችን ሌላ ሞተር ያላቸው ሰዎች አሉ። አንድም ቀን ተሳስታ በሌላ ሰው ሞተር አልጣደችም።

አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ወደ ቆላ ወረደ። ከሞተሩ ጎን ድስቷ በገመድ ታስራ ትንቋቋለች። ወይጦ ስንደርስ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ቤቱ በሾፌር ተሞልቷል፤ የፍየል ጥብስ ሽታ አለ። ኢሳያስ ባለቤቷን ከሰል ብቻ እንድታውሰው ለመነ።

«ምድጃ ልትከራይ ነው የመጣኸው?» አለችው፣ ወገቧን ይዛ። «ሚስት የለህም?»

ድስቷን ፈቶ አሳያት። «ይቺው ናት።»

«ምነው ጠቆረች?»

«መንገድ ለመንገድ እየያዝኳት።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ከሰሉን ሰጠችው። ጎደሬ ቀቅሎ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት ሠርቶ ሲበላ መጥታ ከእጁ ቀመሰች፤ «ጨው አነሰው እንጂ አያስጠላም» ብላ ሄደች። እኔ ግን ጥብስ አዝዤ ስበላ ፊቱን ማየት ከብዶኝ ነበር።

አርቦሬ ደግሞ ማንም አልሳቀበትም። ከብቶቻቸውን ሲከትብ የዋለላቸው አንድ ሽማግሌ የተቀመጠ ወተት በቅል አቀረቡለት። ኢሳያስ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ ለእኔ አሳለፈው። ሰውነቱ እንደማይቀበል አስረዳ። ሰፈር ሙሉ ሊያስቀይም ነው ብዬ ፈጥኜ ጠጣሁ። ሽማግሌው አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ አሰቡና እንዲህ አሉ፤

«ላም ሣር ትመርጣለች። ይሄን ትበላለች፣ ይሄን ታልፋለች። እኛ ላም ኮራች አንልም።»

ከዚያ የዕለቱን የማሽላ ገንፎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር አስመጡለት። ገና ይጨሳል። ኢሳያስ «መቼ ተጣደ» ብሎ ያልጠየቀበትን ምግብ ሲበላ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስንመለስ ሞተሩን አቁሞ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ «ሰማህ አይደል፤ ላም ኮራች አይሏትም» አለኝ። ሰርግ ላይ ጉርሻ ሲከለክል፣ ቢሮ ውስጥ ሲስቁበት፣ ይህችን ቃል ሲደጋግም ኖረ።

ያኔ ነው ይቅርታ ልጠይቀው የነበረው። መንገድ ዳር ቆመን፣ ማንም ሳይኖር። አፌ ተከፍቶ ነበር። እሱ ሞተሩን አስነሳ።

የሞተበት ቀን እናቴ ዝኩኒና ጎመን ከትፋ ተቀምጣ ነበር። ከሰሉን አያያዘች። ከሰሉ አመድ ለበሰ፤ ሌላ ጨመረች። ሞተሩን ጠበቀች። የመጣው የመኪና ድምፅ ነው፤ ከዚያ የሰው ጩኸት። ጓሮው ወዲያው በሴት ተሞላ። ለለቀስተኛ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች የተከተፈውን አግኝተው በትልቁ ብረት ድስት ውስጥ ገለበጡት፤ ከበርበሬው፣ ከቲማቲሙ ጋር። እናቴ «እሱ የኢሳያስ ነው» አለች። የሰማት የለም። እኔ ሰምቻታለሁ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላም አልበላ አለች። ሻይ ብቻ። እትዬ አለሚቱ አጥሚት ይዘው መጡ፤ ገፋችው። ቀን በቀን እየቀነሰች ሄደች። በዐሥረኛው ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ቅመሺ።»

«ልጄ በባዶ ሆዱ ሞቶ እኔ ልብላ?»

«ባዶ ሆዱን አልነበረም።»

«በምን አወቅህ? አብረኸው ነበርክ?» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያን ሦስት ወር አሳመምኩት። በኋላ ደግሞ በእፍኝ እየለካሁ አስራብኩት። ስጋ ባበላው ሞተሩን ይይዘው ነበር።»

ፍየሎቹን ነገርኳት፤ እረኛውን ነገርኳት። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አላመነችም፤ ራሷን ነቀነቀች። ተነስቼ ወጣሁ፤ ተናድጄ ነበር፤ በእትዬ አለሚቱ፣ በሰፈሩ፣ በራሴ። ዕቃ ቤት ገብቼ ግድግዳውን በእግሬ መታሁት።

ያን ጊዜ ነው ድስቷን ያየኋት። ከአደጋው ቦታ ከዕቃው ጋር አምጥተዋት ጥግ ላይ አስቀምጠዋታል። ክዳኗ በኢሳያስ ቋጠሮ እንደታሰረ ነው። ማንም አልከፈታትም።

ይዣት ሄጄ እናቴ ፊት አስቀመጥኳት።

«ፍቺው» አልኳት።

ቋጠሮውን ፈታች። ድስቷ ታጥባ ነበር። ውስጧ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታችው፤ የካሮት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጥቅል ጎመን ግንድ። የሻገተ ጠረን ቤቱን ሞላው። ለበጓ ይዞላት ሲመጣ ነበር።

እናቴ ልጣጩን በጣቷ አገላበጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ካሮቶቹን ከልጣጫቸው ገመተች። ድስቷን አንስታ ግርጌዋን ዳሰሰች።

«በልቷል» አለች።

«በልቷል።»

«አጥቧታል።»

«ሳይበላ መቼ ያጥባል?» አልኳት። ከዚያ፣ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ «እማዬ፣ ያን ሦስት ወር እኔም አውቅ ነበር። ነግሬው ቢሆን…» አልኩ።

«እሱም ያውቅ ነበር፣ እንደምታውቅ» አለችኝ። «አንድም ቀን አላነሳብህም። እኔ ላይም አላነሳም።»

ተነስታ ልጣጩን ወደ በጓ ይዛ ወጣች። በጓ አሸተተችው፤ ፊቷን አዞረች። እናቴ እንደገና አስጠጋችላት። በጓ ወደ ሣሩ ሄደች። እናቴ ትንሽ ቆመች፤ ትከሻዋ እንደ እሱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ከዚያ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገች፤ ወረቀቱን ገልብጣ ልጣጩን ጎመኑ ሥር ደፋችው።

ከታች መታጠፊያው ላይ አንድ ሞተር አጓርቶ አለፈ። ቀና አለች። የማን እንዳልሆነ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ ጎመን ትቀነጥስ ጀመር። አንድ እፍኝ ሞላች። አየችኝና አንድ እፍኝ ጨመረች።

ድስቷን ጣደች። ሁለታችን በላን። ምንም አላደረም።